«ዋጋ ጥራ»፤ የአልጋ ገበያ ከእቴጌ ሆቴል እስከ ሲኤምሲ

ሰው ከቤቱ ርቆ በሄደ ጊዜ ከሚያስጨንቁት ነገሮች ሁሉ የሚቀድመው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጎኑን የሚያሳርፍበት ስፍራ ማግኘት ነው። ምሳው ቢዘገይበት ይታገሠዋል፤ ሌሊቱ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህም የማደሪያ ነገር በየዘመኑ የሕዝብ ጠባይና የገበያ ሥርዓት ጐልቶ የሚታይበት ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው ታሪክ፣ እንግዳ ያለ ዋጋ ያድር ከነበረበት ዘመን ተነሥቶ፣ እንግዳው ራሱ በኢንተርኔት የክፍሉን ዋጋ ጠርቶ ከሆቴሎች ጋር እስከ ተጫረተበት ጊዜ ድረስ ያለውን መንገድ የሚመለከት ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ይልቁንም በሲኤምሲ ሰፈር የሚኖር ወይም ለሥራ የሚመላለስ ሰው፣ ጉዳዩ ከደጃፉ እንደ ደረሰ በቀላሉ ይረዳዋል።

እንደሚታወቀው፣ በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ይቀበለው ነበር። እግሩ ይታጠባል፤ ራት ይቀርብለታል፤ መደብ ይለቀቅለታል። ስለዚህ ሁሉ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነበረ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው የሚለው አባባል እንደሚያስረዳው፣ ቸርነቱም ቢሆን ልክና መጠን ነበረው። በመንግሥት ጉዳይ የሚጓዘው ሰው ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ወይም የአገረ ገዢውን ትእዛዝ ይዞ ከመጣ፣ በየደረሰበት የሚገኘው ባላገር ድርጎ የመስጠት ግዴታ ነበረበት። እንጀራው፣ ጠላው፣ በጉ፣ ለበቅሎውም ገብሱ ከገበሬው ጎተራና በረት ይወጣ ነበር። እንግዲህ ለእንግዳው በነጻ የተገኘ የመሰለው ማደሪያ፣ ዋጋውን የሚከፍል ሌላ ሰው ነበረው ማለት ነው። ይህን ነገር አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ኋላ ይጠቅመናልና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን ኑሮው ተለወጠ። የመንግሥታት መልእክተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከውጭ አገር ይመጡ ጀመር። እነዚህን ሁሉ በእግዚአብሔር እንግድነት ማሳደር የሚቻል አልነበረም። ይህን አስቀድመው ያስተዋሉት እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር በ1898 ዓ.ም. ሆቴል አሠሩ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ የሚታወቀው ይኸው እቴጌ ሆቴል ነው። ዛሬ በስማቸው ጣይቱ ሆቴል ይባላል፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት አደጋ ቢደርስበትም ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል።

በዚያ ዘመን ለበሉት ምግብ ገንዘብ መክፈል ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር እንደ ነበረ ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን በመጀመሪያ ጋብዘው ካበሉ በኋላ፣ በሚከተለው ጊዜ እያንዳንዱ የበላበትን እንዲከፍል በማድረግ ሥርዓቱን አስተማሩ የሚለው ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል። ከታሪኩ የምናገኘው ቁም ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ ማደሪያና ማዕድ ከቸርነት ወጥተው በታወቀ ዋጋ የሚሸጡ ነገሮች የሆኑት በዚያን ጊዜ መሆኑ ነው። ዋጋው የተቆረጠ ነው፤ እንግዳውም ባለሆቴሉም ያውቁታል። ድሃው ላይችለው ይችላል፤ ነገር ግን ምን እንዳልቻለ ያውቃል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ ደግሞ አንድ ቃል በቋንቋችን ገብቶ ቀረ። ይኸውም «አልቤርጎ» የሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። በጣልያን አገር ማናቸውንም ሆቴል የሚያመለክተው ይህ ስም፣ በእኛ ዘንድ መንገደኛ በርካሽ የሚያድርበትን ተራ ቤት የሚገልጽ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ የሚጓዘው ሕዝብ ሲበረክት፣ በየከተማው «አልጋ አለ?» ብሎ መጠየቅ የዘወትር ነገር ሆነ። ክፍሉን «አልጋ» ብሎ መጥራት ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ መንገደኛው የሚገዛው ግድግዳውን ወይም መስኮቱን ሳይሆን የአንድ ሌሊት ዕረፍትን ነው።

የዋና ከተማችን የአልጋ ዋጋ ከታላላቅ ጉባኤዎችና በዓላት ጋር እንደ ተቆራኘ ታሪክ ይመሰክራል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል በተከበረ ጊዜ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡት እንግዶችና ጋዜጠኞች ከከተማይቱ አልጋዎች ቁጥር በለጡ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ቀጥሎም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የሆቴል ነገር የከተማ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ሂልተን ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸራተን አዲስም እ.ኤ.አ. በ1998 ተከፍተው ሥራ የጀመሩት በዚህ ፍላጎት ላይ ነው። ጉባኤ በመጣ ቁጥር አልጋ ይጠፋል፤ ጉባኤው ሲበተን ደግሞ አልጋው ባዶውን ያድራል።

የነገሩም ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የጤፍ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ጤፍ ከጎተራው አስቀምጦ በነሐሴ ሊሸጠው ይችላል። የጨርቅ ነጋዴም እንዲሁ። የሆቴል ባለቤት ግን ዛሬ ሌሊት ያልተከራየውን ክፍል ለነገ ሊያስቀምጠው አይችልም። ጎሕ ሲቀድ ያ ሌሊት ጠፍቷል፤ ዘበኛው፣ መብራቱና የባንክ ዕዳው ግን ይከፈላሉ። ስለዚህ በምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለሆቴሉ ባለቤት ባዶ ከሚያድር ክፍል ይልቅ በግማሽ ዋጋ የተያዘ ክፍል ይሻለዋል። ይሁን እንጂ በግማሽ ዋጋ ማከራየቱ ከታወቀ፣ ነገ ሙሉውን የሚከፍለው እንግዳ ሁሉ ግማሹን ብቻ ይዞ ይመጣል። ርካሽ መሸጥ ያስፈልገዋል፤ ርካሽ መሸጡ መታወቁ ግን ይጎዳዋል።

ይህ ችግር በአውሮፕላን ወንበርም ላይ ያለ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር መንገዶችን የትኬት ዋጋ መቆጣጠሩን በተወ ጊዜ፣ ኩባንያዎቹ አንዱን ዓይነት ወንበር እንደ ቀኑና እንደ ተጓዡ ሁኔታ በልዩ ልዩ ዋጋ የሚሸጡበትን ስሌት አስፋፉ። ሆቴሎችም ይህንኑ ስልት ተከተሏቸው። የተቆረጠው ዋጋ ዘመን ማለፍ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጨረታ እንመለስ። ጨረታ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የታሸገ ፖስታ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ የመክፈቻ ቀንና ሰዓት፣ የአሸናፊው ማስታወቂያ፣ እነዚህ ሁሉ በየመሥሪያ ቤታችን የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታን ዋነኛው የግዥ ዘዴ ያደረገው፣ ውድድሩ ለሁሉ የታወቀ ደንብ እንዲኖረው በማሰብ ነው። የጨረታ ዓይነቱም ብዙ ነው። በሐራጅ ጊዜ ዋጋው በአዋጅ እየተጠራ ወደ ላይ ይወጣል። አበባችን በብዛት በሚሸጥበት በሆላንድ አገር በአልስሜር የአበባ ገበያ ደግሞ በተቃራኒው ዋጋው ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ገዢ ይወስደዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናና ሰሊጥ ዋጋቸው በይፋ እየተጠራ የሚሸጡበትን ሥርዓት አምጥቷል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን መርካቶ ነበረ። በመርካቶ ነጋዴው ዕቃውን አሳይቶ «ዋጋ ጥራ» ሲል፣ ገዢውን ወደ ፈተና ማስገባቱ ነው። ገዢው አብዝቶ ቢጠራ ይከስራል፤ አሳንሶ ቢጠራ ዕቃው ያመልጠዋል። የዕቃውን ልክ የሚያውቅ ሰው ደስ ይለዋል፤ የማያውቀው ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ይደርስበታል።

ጄይ ዎከር በሚባል አሜሪካዊ የተመሠረተው ፕራይስላይን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንኑ «ዋጋ ጥራ» የሚለውን ነገር በኢንተርኔት ላይ አመጣው። በመጀመሪያ በአውሮፕላን ትኬት፣ ቀጥሎም በሆቴል ክፍል ላይ ሠራበት። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። እንግዳው የሚያድርበትን ከተማ፣ የከተማውን ክፍል፣ ቀኑንና የሆቴሉን የኮከብ ደረጃ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ሊከፍል የሚፈቅደውን ዋጋ ይጠራል፤ የባንክ ካርዱንም ቁጥር አስቀድሞ ይሰጣል። ይህ በእኛ አነጋገር የጨረታ ማስከበሪያ መሆኑ ነው። በዚያ ሰፈርና በዚያ ደረጃ ካሉት ሆቴሎች መካከል በተጠራው ዋጋ ለመስጠት የፈቀደ ካለ፣ ገንዘቡ ወዲያውኑ ይወሰዳል፤ የሆቴሉም ስም የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። እንግዳው «ይህን ሆቴል አልወድም» ብሎ ገንዘቡን ማስመለስ አይችልም።

አንባብያን እዚህ ላይ «ስሙ ለምን ተሰወረ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ ቀደም ብለን ባነሣነው ችግር ውስጥ አለ። ሆቴሉ ስሙን በመሰወሩ፣ ባዶ የሚያድረውን ክፍል በርካሽ እየሸጠ በማስታወቂያ ላይ የለጠፈውን ዋጋ ሳይነካ ያቆያል። እንግዳው ደግሞ የመምረጥ መብቱን ሰጥቶ በምትኩ የዋጋ ቅናሽ ይገዛል። ሆቴሉን፣ አልጋውንና ጎረቤቱን መርጦ ማደር የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ይከፍላል፤ የት እንደሚያድር ሳያውቅ ለመፈጸም የሚደፍር ሰው አሳንሶ ይከፍላል።

ሆኖም ይህ ጨረታ ለእንግዳው በጨለማ እንደ መጓዝ ነበረ። ሆቴሉ ዝቅተኛውን ዋጋ ያውቃል፤ ኩባንያውም ያውቃል፤ እንግዳው ብቻ አያውቅም። ዋጋው ሳይበቃ ቀርቶ የተመለሰበት ሰውም የጠየቀውን ነገር ሳይለውጥ ወይም አንድ ቀን ሳይቆይ እንደገና እንዲጠራ አይፈቀድለትም ነበር። ደንቡ እንዲህ የሆነበት ምክንያት፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ብር ጀምሮ እየጨመረ እውነተኛውን ዋጋ እንዳይደርስበት ነው። መንገደኞቹ ግን መላ አላጡም። ያሸነፉበትንና የተሸነፉበትን ዋጋ፣ ያገኙትንም ሆቴል ስም እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ይመዘግቡ ጀመር። እንደ ኒው ዮርክ ባለው ታላቅ ከተማ ለማደር የሚያስብ ሰው፣ ከእርሱ በፊት የተጫረቱት ሰዎች በዚያ ሰፈር በስንት እንዳገኙ ተመልክቶ ዋጋውን ይጠራ ነበር። ከመርካቶ የሚወጣው ሰው ለሚገባው «በዚህን ያህል ተሸጧል» ብሎ እንደሚነግረው ማለት ነው። አንዱ ለብቻው ያልቻለውን ዕውቀት ብዙዎች ተባብረው አገኙት፤ ርካሽ አልጋም ያገኙት ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ዘመኑ ግን በዚያ አልቆመም። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ቡኪንግ የተባለውን የሆላንድ ድርጅት ገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም የራሱን ስም ለውጦ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ተባለ። ዋጋ የመጥራቱ ጨረታ በአውሮፕላን ትኬት ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀረ፤ በሆቴልም ላይ ከጊዜ በኋላ ተቋረጠ። በቦታው የተተካው አሠራር ለእንግዳው ዋጋውንና የሆቴሉን ስም በግልጽ ያሳየዋል፤ ነገር ግን ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፈላጊው ብዛት በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ድርጅቱም ከሆቴሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 15 የሚጠጋ ኮሚሽን ይወስዳል። ሆቴሎቹ በራሳቸው በር ለሚመጣ እንግዳ ከዚያ ባነሰ ዋጋ እንዳይሰጡ የሚያስገድደው ውል በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባጸናው ደንብ ምክንያት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያ እንዲተወው ተገድዷል። ጨረታው የቀረ ቢመስልም ቅሉ፣ በእርግጥ የሆነው ዋጋ ጠሪው መለወጡ ነው። ቀድሞ እንግዳው ይጠራ ነበር፤ አሁን የሒሳብ ማሽን ይጠራል።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሲኤምሲ የሚለው ስም በጣልያን አገር በራቬና ከተማ የተመሠረተው የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ምኅጻረ ቃል ነው፤ ይህ ድርጅት በሠራቸው ቤቶች ምክንያት ስሙ ለአካባቢው ቀረለት። ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ቀድሞ ዳር አገር ይባል የነበረው ሰፈር ከከተማው መካከል ጋር ተገናኘ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል በዚያው በሲኤምሲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በማዕከሉ ተካሄደ። ቀድሞ ጉባኤተኛው በመስቀል አደባባይና በፍልውሃ ዙሪያ ብቻ ያድር ነበር፤ አሁን ግን እስከ ሲኤምሲ፣ መሪና አያት ድረስ አልጋ የሚፈልግ ሆኗል።

በሲኤምሲ አልጋ የሚፈልገው ግን ጉባኤተኛው ብቻ አይደለም። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ በሽተኛና አስታማሚው፣ ልጁን ወደ ውጭ አገር ሊሸኝ የመጣ አባት፣ ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና የተጠራ የወረዳ ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ በአንዱ ሰፈር አንዱን አልጋ ይፈልጋሉ። የመንግሥት ሠራተኛው የውሎ አበል በመመሪያ የተቆረጠ ነው፤ የአልጋው ዋጋ ግን እንደ ገበያው ይንቀሳቀሳል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዋጋውን በዶላር የሚያሰላ ሆቴል በብር ለሚከፍለው እንግዳ ይበልጥ ራቀው። ስለዚህም ይህ እንግዳ ወደ ፔንሲዮን ወይም በቀን ወደሚከራይ ክፍል ይሄዳል፤ በመካከሉም ደላላ ይቆማል። ደላላው የአከራዩንም የተከራዩንም ልክ ያውቃል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። በኢንተርኔት የሚሠራው ታላቁ ኩባንያና በሲኤምሲ አደባባይ የቆመው ደላላ በሀብት ይለያዩ እንጂ፣ የሥራቸው መሠረት አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚሸጡት ሌላው የማያውቀውን ማወቃቸውን ነው።

ይህ ቸል የሚባል ነገር እንዳልሆነ ከቅርብ ጊዜ ታሪክ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ 30ኛ ጉባኤ ቤሌም በምትባል የብራዚል ከተማ በተደረገ ጊዜ፣ የአልጋ ዋጋ እጅግ በመናሩ ድሆች አገሮች መልእክተኞቻቸውን ለመቀነስ እስከ ማሰብ ደረሱ። የብራዚል መንግሥትም ሁለት ታላላቅ የመንገደኛ መርከቦችን አምጥቶ ማደሪያ አደረጋቸው። በዚያው ጉባኤ 32ኛው ስብሰባ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። እኛ ደግሞ መርከብ የምናቆምበት ወደብ የለንም። ስለዚህ በጉባኤው ሳምንት የአልጋ ዋጋ ያለ ልክ ቢወጣ፣ ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በጉባኤተኛው ላይ ሳይሆን፣ በዚያው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ይዞ ከመንዝ ወይም ከጎጃም በመጣው ሰው ላይ ይሆናል። ቀድሞ የእንግዳውን ድርጎ ባላገሩ ይከፍል እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬም የጉባኤውን ክብር ዋጋ ሳያውቀው የሚከፍል ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋጋን በአዋጅ መቁረጥ አልጋውን ከገበያ እንደሚሰውረው ከታሪክ የታወቀ ነው። ዋጋን ፈጽሞ ለደላላና ለማሽን መተውም ዐዋቂውን ብቻ ይጠቅማል። መካከለኛው መንገድ የመንግሥት ግዥ ካስተማረን ደንብ ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም ውድድሩ ይኑር፣ ደንቡ አስቀድሞ ይታወቅ፣ ውጤቱም ይገለጥ የሚለው ነው። የሆቴልና የፔንሲዮን ባለቤቶች የተራውን ቀንና የጉባኤውን ሳምንት ዋጋ ለይተው ከበራቸው ላይ ቢለጥፉ እንግዳን ከማባረር ይልቅ ያቀርቡታል። መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛን ከክፍለ ሀገር ለሥልጠና ሲጠሩ ቀኑን ከታላላቅ ጉባኤዎች ቢያርቁት፣ ወይም አልጋውን በጅምላ ተጫርተው አስቀድመው ቢይዙ፣ የውሎ አበሉ ሳያጥር ይበቃል።

እናንተም አንባብያን፣ እንግዳ ስትቀበሉም ሆነ ራሳችሁ እንግዳ ስትሆኑ፣ ያደራችሁበትን ቤትና የከፈላችሁትን ዋጋ ከመናገር አትቆጠቡ። በኒው ዮርክ የተጫረቱት መንገደኞች ርካሽ አልጋ ያገኙት ያወቁትን ስላልደበቁ ነው። በዚህ ዘመን ወደ ከተማችን ለሚመጣው ወገን ሁልጊዜ መደብ መልቀቅ ባይቻለን እንኳ፣ የአልጋውን እውነተኛ ዋጋ መንገር ይቻለናል፤ የእግዚአብሔር እንግዳን የመቀበል ልማዳችንም በዚህ መንገድ በከተማ ይቀጥላል።